ለጠሀ ያልተጻፈ ጾም

አብዱልሃሚድ በዕድሜው አንድ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ አድርጎ አያውቅም። ይሁንና በታቦር ሰፈር እሱን ያህል ሲጋራ የሚገዛ ሰው አልነበረም። የሚገዛውም በፓኬት ሳይሆን በስቴካ ነው። ሚስቱ ሙንተሃ ስቴካውን ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበትና ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ሲጋራው የጠሀ ነው፤ የአብዱልሃሚድ ታናሽ ወንድም የጠሀ።

ጠሀ የአእምሮ ሕመም ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሞቹ ለሕመሙ ስም አላቸው፤ ቤተሰቡ ግን "ያ ነገር" ነው የሚለው። "ያ ነገር" መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ጠሀ "ምግቤ ውስጥ መርዝ አለ" ብሎ እህል አልቀምስ አለ፣ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ሰማ፣ በመጨረሻም በጠራራ ፀሐይ በውስጥ ልብሱ እስከ መናኸሪያ ሮጦ በገመድ ታስሮ ተመለሰ። አሁን በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ድምፁም ጸጥ ካለ ቆይቷል። ቤተሰቡ ግን ጸጥታውን ያመጣው መርፌው ነው ብሎ አያምንም። ሲጋራው ነው ብሎ ነው የሚያምነው።

ስለዚህ ይሰጡታል። መርፌ ሊወጋ ሲሄድ አንድ ፓኬት። እንግዳ ሲመጣ "እንካ፣ ከጓሮ እንዳትወጣ" ተብሎ አንድ ፓኬት። የሙንተሃ ዘመዶች ለሽምግልና የመጡ ዕለት ሁለት ፓኬት ተሰጥቶት የጓሮ ክፍሉ በር በውጭ በኩል ተሸጉሮበት ዋለ። ሲቆጣ አንድ ፍሬ፣ ሲያለቅስ አንድ ፍሬ፣ ጥያቄ ሲያበዛም አንድ ፍሬ። የሚያለቅስ ሕፃን በጡጦ ዝም እንደሚያሰኙት ማለት ነው። ይህንንም እንክብካቤ ይሉታል። ይበሉት።

ሰፈሩም ከቤቱ አይሻልም። ባጃጅ ተራ የሚቆሙት ጎረምሶች "ጠሀ፣ አንዴ ጨፍርልን" ብለው ሲጋራ ይወረውሩለታል። ከገበያ የምትመለስ ሴት መንገድ ላይ ካገኘችው ፈራ ተባ እያለች ለሲጋራ መግዣ ሳንቲም ጣል አድርጋለት ታልፋለች። ዳቦ ቢለምን "አላህ ይስጥህ" ብለው የሚሸኙት ሁሉ ሲጋራ ሲሆን እጃቸው ይፈታል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ "እንዴት አደርክ?" የሚለው ሰው አልነበረም እንጂ ክብሪት የሚጭርለት ሞልቷል።

ጠሀ ሲጋራውን ይጠላው ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረቱን ይዞ ሲያስል ይጠላዋል። ጣቶቹ ቢጫ ሆነው ሲያያቸው ይጠላዋል። የሚሰጡትን እጆች ደግሞ አብልጦ ይጠላል፤ ግን ይቀበላል።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፒያሳ ወዳለው የወንድሙ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ መመለስ። ከበሽታው አገግሞ ለጥቂት ጊዜ እዚያ ሠርቷል። ጣቃ ይዘረጋል፣ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ ደንበኛውም "አንተ ወንድሜ" ይለው ነበር። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ ተደብቆ ሲያጨስ አንድ ጣቃ ሱፍ አቃጠለ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ "አንተ ወንድሜ" ያለው ሰው የለም።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የጁምዓ ሶላት አልቆ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ፣ ጠሀ ወንድሙን በሩ ላይ ጠብቆ ያዘው።

"ጋሼ፣ ወደ ሱቅ መልሰኝ" አለው።

ሰው ቆሞ ይሰማል። አብዱልሃሚድ በሰው ፊት ደግ መሆን ይወዳል። ቤቱ ሲገባ የሚያወልቀው ነገር ቢኖር ጫማውና ደግነቱ ነው።

"ምን ገዶኝ!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሲጋራህን ብቻ ተው። ከተውክ ኢድ በወጣ ማግስት ወንበርህ ይጠብቅሃል። እነዚህ ሁሉ ይስሙ!"

"ማሻአላህ" አሉ የሰሙት። ከመካከላቸው የሙንተሃ ታላቅ ወንድም ነበረበት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አብዱልሃሚድ ጫማውን አጥልቆ ሄደ፤ የተናገረውንም ፒያሳ ሳይደርስ ረሳው። ጠሀ ግን አልረሳም።

በመርፌው ቀን ክሊኒክ ሲሄድ ወረፋ የሚጠብቁት ሕሙማን እንደ ወትሮው ዛፉ ሥር ተኮልኩለው ያጨሱ ነበር። ሲጋራውን የያዙላቸው ያመጧቸው ዘመዶቻቸው ናቸው፤ አንዷ እናት ልጇን ወደ ውስጥ ለማስገባት ፍሬዋን ከፊቱ እያሳየች ታባብለዋለች። ጠሀ ከዛፉ ርቆ ፀሐይ ላይ ቆመ።

"ሲስተር፣ ሲጋራ ላቆም ነው" አላት ሲስተር ገነትን፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ሲስተር ገነት ደህና ሴት ናት፤ ከኋላው ግን ሌላ ሃያ ሰው ይጠብቃታል። "አሁን እሱን አትነካካው ጠሀ። መድኃኒትህ ላይ አተኩር። እናንተን እኮ ሲጋራው ያረጋጋችኋል።"

"እናንተ" ማለት እነማን እንደሆኑ ጠሀ ገባው። ሌላውን ጠየቀ። "ጾምስ? መጾም እችላለሁ?"

"መርፌ ስለሆነ የምትወስደው ትችላለህ። ማታ ማታ ውሃ በደንብ ጠጣ።"

ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ተመልሶለታል። ጠሀ ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰበው ጾሙን ነበር። ባለ ሱስ ሁሉ፣ ጫት ቃሚውም አጫሹም፣ ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ የሚውልበት ወር ከረመዳን ሌላ የለም። ሰው ሁሉ ሲተው መተው ይቀላል። ብቻውን አይሆንም ማለት ነው።

ሞኝ! ብቻውን እንዲሆን የተፈረደበትማ ቀድሞ ነው።

በመጀመሪያው የጾም ቀን ከንጋት በፊት ለሱሁር ማዕድ ተነስቶ ወደ ትልቁ ቤት ሲገባ ሙንተሃ የያዘችውን ሳህን ልትጥለው ምንም አልቀራት። "ምን ሆነህ ነው?" አለችው።

"ልጾም ነው።"

"አንተ ላይ ጾም የለም እኮ" አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ያወቀችውን መናገሯ ነው። "አላህ አንስቶልሃል።"

"ጾም የአእምሮ ባለቤት ለሆነ ሰው ነው" አለ አብዱልሃሚድ ከሳህኑ ቀና ሳይል። "ብላና ተኛ። ጠዋት ቁርስህን ታመጣልሃለች።"

ጠሀ በላ፤ ውሃም ጠጣ። ጠዋት ግን ቁርሱ መጣ፣ ከቁርሱ ጋር አንድ ፍሬ ሲጋራና ክብሪት ሳህኑ ጠርዝ ላይ። አልነካውም። ምሳ መጣ፣ ከምሳው ጋር ሌላ ፍሬ። እሱንም አልነካውም። ማታ ከሁሉም ጋር ጾሙን በቴምር አፈጠረና የራበው ሰው እንደሚበላ በላ። ከዚያም ሲጋራው እንዳያሸንፈው ተራዊህ፣ የረመዳንን የሌሊት ሶላት፣ ሊሰግድ ወጣ።

ሲጋራ መተው ለማንም ቢሆን ቀላል አይደለም። ላብ ያጠምቀዋል፣ ከዝንቡም ከጥላውም ይጣላል። ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጭንቅላቱን የሚቧጥጠው ነገር ይሰማዋል። አንድ ቀን ሙንተሃ ሳህኑን ስታስቀምጥ "ይህን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ!" ብሎ ጮኸባትና ሲጋራውን ሰባብሮ አፈር ላይ በተነው። ሙንተሃ ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።

እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ። አብዱልሃሚድ ቡና ሲቀርበት ራሱን አስሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሱቅ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ሲያመናጭቅ ይውላል። በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛ ዋጋ ቀንስልኝ ብትለው ጨርቁን ከእጇ መንጭቆባታል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች "ሱሱ ተነስቶበት ነው፣ ጾመኛ አይደል" ብለው ሳቁ። ጠሀ አንዲት ሲጋራ ቢሰብር ግን ሙንተሃ ቢላዎቹን ሰብስባ አልጋዋ ሥር ደበቀች።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ያኔም የጀመረው እህል አልቀምስም በማለት ነበር። ግን ልጡን ጎንበስ ብሎ ያየ፣ "ምነው ጠሀ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በቤቱ ጠፋ።

ነገሩን ያባሰው ደበሌ ነው። ደበሌ ከግቢው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ጠሀን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም፤ በራሱ መንገድ። ጠሀ ከተራዊህ ሲመለስ ጠራውና አንድ ፍሬ ራሱ ለኩሶ ዘረጋለት።

"እንካ፣ የኔ ግብዣ ነው። ሰሞኑን ጠፋህብኝ።"

ጭሱ አፍንጫው ውስጥ ገባ። የጠሀን አፍ ምራቅ ሞላው። "አልፈልግም ጋሽ ደበሌ" አለና ወደ ኋላ ሸሸ።

"እንዴት አልፈልግም? አንተ?"

"አልፈልግም አልኩ!"

ደበሌ ከፋው። ሲጋራው በጣቱ መካከል እየተቃጠለ "ምን አደረግኩህ? መርዝ አደረግኩበት?" አለው።

ጠሀ ዞሮ በግቢው በር ገባ። ደበሌ ግን "መርዝ" ያለው እሱ ራሱ መሆኑን ረስቶ፣ በማግስቱ አብዱልሃሚድን መንገድ ላይ አቁሞ "ወንድምህ ጀምሮታል፣ ሲጋራ ብሰጠው መርዝ ነው ብሎ ሸሸኝ" አለው። ወሬ እንዲህ ነው፤ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪገባ መልኩን ይለውጣል።

አብዱልሃሚድ በዚያው ቀን ከሱቅ ቀደም ብሎ ወጥቶ ወደ ጓሮ ክፍሏ መጣ። አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ የዕቃ ሌባ እንደያዘ ሰው ጠየቀው።

"ለምንድን ነው የማታጨሰው?"

"ትቼዋለሁ።"

"ማነው አታጭስ ያለህ?"

"አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አዎ። ሲጋራህን ተው ብለኸኛል።"

አብዱልሃሚድ ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ከቁጣ የከፋ ነገር መጣበት፤ አዘነለት። "ድምፄ ነው የሚሰማህ?" አለው ዝግ ብሎ።

"ድምፅ አይደለም! አንተ ነህ! በአፍህ ነው ያልከኝ፣ ሰው እየሰማ፣ መስጊድ በር ላይ!"

"እሺ፣ እሺ። አትጩኽ።"

"አልጮኽኩም!" ብሎ ጠሀ ጮኸ።

አብዱልሃሚድ ወደ ኋላው እያየ ወጣ። ጠሀ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ በንዴት አለቀሰ። ሕመሙ ሲመጣበት ድምፁ እውነት መስሎት ነበር፤ አሁን ደግሞ እውነቱን ድምፅ አደረጉበት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ሊለይ አልቻለም።

በማግስቱ፣ ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስታዘቀዝቅ፣ ከትልቁ ቤት የሾርባና የሳምቡሳ ሽታ እየመጣ ሳለ ጠሀ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ እያደረገ እጅና እግሩን ይታጠብ ነበር። የባጃጅ ድምፅ በሩ ላይ ቆመ። አብዱልሃሚድ ገባ፤ ከኋላው የሙንተሃ ሁለት ወንድሞች ገቡ። ታላቅየው እጁን ከጀርባው አድርጓል። ጠሀ የገመዱን ጫፍ አየው።

"ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አለ አብዱልሃሚድ።

"የመርፌዬ ቀን አልደረሰም።"

"ለመርፌ አይደለም። ትተኛለህ።"

"ምን አድርጌ?"

"ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም። ሌሊት ትነሳለህ። ትነጫነጫለህ።"

"ረመዳን ነው" አለ ጠሀ፤ ውሃው ከክንዱ ይንጠባጠባል። "አንተም እህል አልቀመስክም። አንተም ሌሊት ትነሳለህ። አንተም ትነጫነጫለህ።"

የሙንተሃ ታናሽ ወንድም ሊስቅ ከጀለውና ተወው። አብዱልሃሚድ ግን ወደ እነሱ ዞሮ "አያችሁ? እኔን ሊያሳብደኝ ነው" አለ።

ጠሀ ቆሞ አሰበ። ቢጮኽ አበደ ይሉታል። ዝም ቢል ድምፅ እየሰማ ነው ይሉታል። ቢሮጥ መናኸሪያውን ያስታውሱታል። ቢስቅማ አይጣል ነው። ሰው ጤነኛ መሆኑን በምን ያስረዳል? እነዚህ ሦስት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ጤነኝነታቸውን እንዲያስረዱ ተጠይቀው ያውቃሉ? ጠላቸው። ከልቡ፣ እስከ አጥንቱ ጠላቸው። ጥላቻው ፊቱ ላይ እንዳይታይ ደግሞ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ እሱም ቢሆን ምልክት ሊባል ነው።

ሙንተሃ ከትልቁ ቤት ወጣች። ገመዱን ስታይ ደነገጠች፤ ልቧ አልቻለም። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ይዛ ተመልሳ ሮጠችና አዲስ ፓኬት ይዛ መጣች።

"እስቲ ቆዩ!" አለች። "አንዲት ፍሬ ያጭስና እንየው። ካጨሰ ደህና ነው ማለት ነው። ጠሀዬ፣ እባክህ፣ ለኔ ብለህ።"

ሁለቱ የሙንተሃ ወንድሞች ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አብዱልሃሚድም "ይሁን" አለ። "ያጭስና እንየው።"

ጠሀ ፓኬቱን አየው። "አዛን እስኪል ጠብቁኝ" አለ። ድምፁን እንደ ጤነኛ ሰው ለማድረግ የቻለውን ያህል ጣረ። "ጥቂት ነው የቀረው። ላፍጥርና አጨሳለሁ። ወላሂ አጨሳለሁ።"

"አሁን" አለ አብዱልሃሚድ።

"ጋሼ፣ ጾሜን አታስፈታኝ።"

"አንተ ላይ ጾም የለም ተባልክ እኮ! ስንቴ ይነገርህ?"

ታላቅየው እጁን ከጀርባው አወጣ። ገመዱ አሁን ለሁሉም ይታያል።

ጠሀ ሲጋራውን ተቀበለ። ክብሪቱን ሙንተሃ ጫረችለት። የመጀመሪያው ጭስ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያላየ ጉሮሮውን ፋቀው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ምድሪቱም ዞረችበት። ግድግዳውን ይዞ እንደገና ሳበ። አራት ሰዎች ከበው ያዩታል። ጭሱ በወጣ ቁጥር ፊታቸው ይፈታል፣ ትከሻቸው ይወርዳል። በግማሹ ላይ ሊጥላት ፈልጎ ነበር፤ ግማሽ ጤነኛ እንዳይሉት ፈርቶ እስከ ቂጧ ድረስ አጨሳት።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ሙንተሃ፤ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። "አልኳችሁ አይደል? ደህና ነው!"

አዛን የተሰማው ይህን ጊዜ ነው።

ወደ ሳሎን አስገቡት። ገመዱን ታላቅየው ጠቅልሎ በረንዳው ላይ አስቀመጠው። ለባጃጁ ሹፌርም ቴምርና ውሃ ተላከለት። ሙንተሃ ለጠሀ ከሁሉም ቀድማ ሾርባ ቀዳችለት፤ አብዱልሃሚድ በጎኑ አስቀምጦ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"አስደነገጥከን እኮ አንተ ልጅ" አለ፤ ቡናው ሊደርስለት ስለሆነ ፊቱ በርቷል። "ምን ትፈልጋለህ? ንገረኝ፣ ዛሬ የጠየቅከውን።"

ጠሀ ሾርባውን አልነካም። "ሱቁስ?" አለ።

"የምን ሱቅ?"

"ኢድ በወጣ ማግስት ያልከኝ።"

አብዱልሃሚድ ግራ ገብቶት ሰዎቹን ሲያይ፣ ገመዱን ይዞ የመጣው የሙንተሃ ታላቅ ወንድም የጎረሰውን ውጦ "አዎ፣ እሱስ እውነቱን ነው" አለ። "መስጊድ በር ላይ ብለኸዋል። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። ሲጋራህን ከተውክ ወንበርህ ይጠብቅሃል ብለኸዋል።"

ሙንተሃ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። አብዱልሃሚድም ያስታወሰ መሰለ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጠሀ ወንድሙን ቀና ብሎ ተመለከተው፤ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ተስፋ አድርጎ አያውቅም።

ከዚያ አብዱልሃሚድ ሳቀ። "እሱማ ሲጋራውን ቢተው ነዋ!" አለ። "ይኸው አሁን ዓይናችን እያየ አጨሰ አይደል እንዴ?"

ሌሎቹም ሳቁ፤ እፎይታ ያለበት፣ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። ሙንተሃ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰች። ታናሽየው ሳምቡሳ አነሳ።

ጠሀ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም "ነገ ለሱሁር ቀስቅሱኝ" አለ።

አብዱልሃሚድ ወደ አፉ ያስጠጋውን ቴምር መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ባጃጁ ገና አልሄደም፤ ገመዱም በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው።